በመርማሪው ቀኝ ጆሮ

በሜክሲኮ ከተማ ከመርማሪ ኪንታና የሚበልጥ ብልህ ሰው አልነበረም። ሐሙስ ምሽት እሱ ቴሌቪዥን ላይ ብቅ ሲል መጠጥ ቤቱ ጸጥ ይላል። አንድ ቴሌቪዥን ለመላው ነዋሪ በሚበቃበት የጋራ ግቢ ልጆች ወለሉ ላይ፣ አሮጊቶች ከየቤታቸው ባወጡት ወንበር ላይ ሆነው፣ ባሎች ደግሞ «እኔ እንኳ ለነገሩ አላይም» እያሉ በሩን ተደግፈው ያዩታል። ኪንታና ትራስ ላይ የቀረች አንዲት ፀጉር አንስቶ ገዳዩ በየትኛው እጁ እንደሚጽፍ ይናገራል። ሬሳውን ዳሰስ አድርጎ ሟቹ እራት ላይ ከማን ጋር እንደተጣላ ያውቃል።

ይህን ሁሉ የሚያውቀው ግን ሶኮሮ ስለምትነግረው ነው።

ኪንታናን ሆኖ የሚጫወተው ሊሳንድሮ አልኮሰር ቁመት ተሰጥቶታል፣ ትከሻ ተሰጥቶታል፣ ሴቶች ሳሙና መግዛታቸውን ረስተው ደግመው ሳሙና እንዲገዙ የሚያደርግ ዓይን ተሰጥቶታል። ቃል ግን ሲታደል ሌላ ሰልፍ ላይ ነበር መሰለኝ። «የሐሙስ ሟች» የተባለው ድራማ በየሳምንቱ አዲስ ሬሳ ይፈልጋል፤ ደራሲው ገጾቹን የሚያስረክበው ቀለሙ ሳይደርቅ ነው፤ ድራማው የሚተላለፈው በቀጥታ ነው፤ ማጥኛ ጊዜ የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ ሊሳንድሮ ቀኝ ጆሮው ውስጥ ከባቄላ የማትበልጥ ማዳመጫ ይወትፋል። ሶኮሮ ቪልቼስ ደግሞ ከስቱዲዮው ጥግ ባለች ጨለማ የመስታወት ክፍል ውስጥ ማይክሮፎን አፏ ላይ ደቅና ድርሰቱን ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው ሹክ ትለዋለች።

የሥራው ብልሃት ፍጥነቱ ላይ ነው። ፈጠን አድርጋ ያለችውን ያደርጋል፤ ረጋ አድርጋ ያለችውን ይናገራል። «ወደ መስኮቱ ሂድ ባርኔጣ አውልቅ ዙር» ትላለች በአንድ ትንፋሽ፤ ይሄዳል፣ ያወልቃል፣ ይዞራል። ከዚያ ረጋ ብላ «እመቤቴ፣ ባልሽ መርዝ አልጠጣም» ስትል፣ መርማሪ ኪንታና ቅንድቡን ከፍ አድርጎ ለመላው አገር «እመቤቴ፣ ባልሽ መርዝ አልጠጣም» ይላል። ልቡ ምንም አይጨምርም፤ ምንም አይቀንስም። ከጆሮው የገባው በአፉ ይወጣል።

ሌላው የሥራው ሕግ ዝምታ ነው። ድርሰቱ ላይ ያልተጻፈ ነገር ከሹክ ባይ አፍ አይወጣም፤ ሳልም ቢሆን። ከሶኮሮ በፊት የነበረው ሰውዬ አንድ ቀን ትኩስ ቸኮሌት ጉልበቱ ላይ ደፍቶ «ማርያም ሆይ፣ ጉልበቴን!» ቢል፣ ኪንታና ሬሳው ላይ ጎንበስ ብሎ «ማርያም ሆይ፣ ጉልበቴን!» አለ። ሰውዬው ተባረረ። ተመልካቹ ግን ሳምንቱን ሙሉ ገዳዩ ያነክሳል እያለ ተወራረደ።

ሊሳንድሮ ያለ ሶኮሮ የሚያውቃት አንዲት ዐረፍተ ነገር ብቻ ነበረች። በየሳምንቱ መጨረሻው ላይ ተጠርጣሪዎቹን በሙሉ ሳሎን ይሰበስብና በሩን ዘግቶ፣ ጀርባውን አስደግፎ፣ «ማንም ከዚህ ክፍል አይወጣም» ይላል። ያቺ ስትደርስ ሶኮሮ ማይክሮፎኑን ዘወር አድርጋ ውሃ ትጠጣለች።

ከዚያ በኋላ ደግሞ፣ ገዳዩን ሊናገር ሲል፣ ቀኝ ጆሮውን በጣቱ ነካ ያደርጋል። አገሩ በሙሉ የመርማሪው አእምሮ ሲሠራ የሚያሳየው ምልክት ነው ብሎ ያምናል፤ ሕፃናት ሳይቀሩ ሂሳብ ሲሠራላቸው ጆሯቸውን ይነካሉ። ይህችን ግን ማንም ጽፎ አልሰጠውም። ከስቱዲዮው መብራት የተነሳ ሊሳንድሮ ወደ መስታወቱ ሲያይ የሚታየው የራሱ መልክ ነው፤ ሶኮሮን ሊያያት አይችልም። ስለዚህ እሷ ያለችበትን ቦታ ይነካል። ጆሮውን።

እሷም ጨለማዋ ውስጥ ሆና በየሐሙሱ ፊቷ ይሞቃል።

* * *

ከሥራ በኋላ ትራም ማቆሚያው ድረስ ይሸኛታል። ጥግ ላይ ከምትሸጠው ሴት ታማል፣ በቅጠል ተጠቅልሎ የበሰለ የበቆሎ ሊጥ፣ ይገዛላታል፤ እሷ ቅጠሉን እየፈታች ትበላለች፤ እሱ ባርኔጣውን በጣቶቹ መሃል ያሽከረክራል።

«ምን ሆነሃል?»

«ምንም።»

«ዛሬ ያንን የባንክ ሠራተኛ ጥሩ አድርገህ ነው ያፋጠጥከው።»

«አንቺ ነሽ ያፋጠጥሽው።»

«አንተ ባትኖር እኔ ባዶ ክፍል ውስጥ ብቻዬን የምለፈልፍ እብድ ነኝ።»

ይስቃል። ተመልሶ ዝም ይላል። ሶኮሮ ይህን ዝምታ ትወደው ነበር፤ የሰው ቃል ያልተጣደበት ንጹሕ ድስት አድርጋ ትቆጥረው ነበር። አንድ ቀን ደግሞ ዝናብ ይዟቸው ከአንድ ጫማ መደብር መጠለያ ሥር ተጠግተው ቆመው ሳለ፣ እጇን ያዛት።

«ሶኮሮ።»

«አቤት።»

«አንድ ነገር ልነግርሽ እፈልጋለሁ።»

«እሺ፣ ንገረኝ።»

አፉን ከፈተ። ዘጋው። ዓይኑ በዝናቡ ውስጥ የጠፋበትን ነገር ሲፈልግ ቆየና ወደ እሷ ጎንበስ አለ፤ ቀኝ ጆሮውን ከከንፈሯ ጋር አስጠጋ።

«ቃሉን ስጪኝ» አላት።

ልትስቅ ነበር። ፊቱን ስታየው ግን ቀልድ እንዳልሆነ ገባት። እዚያ ላይ ብትሰጠው ኖሮ ይላት ነበር፤ አሳምሮ ይላት ነበር። ደግሞስ ስንት ሴት ልጅ የራሷን ምኞት በወንድ አፍ ስትሰማ ደስ ብሏት ትኖር የለ? ሶኮሮ ግን ይህን ከእሷ አፍ ሳይሆን ከእሱ ልብ ነበር የፈለገችው።

«አልሰጥህም» አለችው። «ለሐሙስ የምሰጥህ ይበቃሃል። ይህቺን ራስህ ፈልጋት።»

«ባላገኛትስ?»

«መርማሪ አይደለህ እንዴ?» ብላ ትራሙ ላይ ዘላ ወጣች። በመስኮቱ ስታየው ባርኔጣውን አውልቆ ዝናቡ ላይ ቆሟል። የዚያን ለት ማታ የግቢው ሰው ሁሉ ምን አግኝታ ነው እስኪላት ድረስ ስትዘፍን አመሸች።

* * *

ያ ሐሙስ ከበዓል እረፍቱ በፊት የመጨረሻው ነበር። ሶኮሮ ድርሰቱን ለመውሰድ ስትመጣ ዶኛ ቾሌ ከመኳኳያው ክፍል ወጥታ በክንዷ ጎትታ አስገባቻት። ዶኛ ቾሌ ተዋንያንን የምትኳኩል ወፍራም፣ ደግ፣ አፈ ፈጣን ሴት ናት። ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ዱቄት ሲቀባ ያለውን ሁሉ ስለሚዘከዝክ፣ በዚያ ሕንፃ ውስጥ ያለ ምስጢር ሁሉ መጨረሻው እሷ ጋ ነው።

«ልጄ፣ ቁጭ በይ።»

«ቸኩያለሁ፣ ዶኛ ቾሌ።»

«ቁጭ በይ አልኩሽ። ቆመሽ የምትሰሚው አይደለም።»

ተቀመጠች።

«እናቱ ከፑዌብላ መጥተዋል። ጓንት አድርገው፣ የሟች ባላቸውን የሐኪም ስም እንደ ዣንጥላ ከላያቸው ዘርግተው። ተዋናይ ሆነ ብለው ሲረግሙት የኖሩት ልጅ ዛሬ ልጄ፣ ልጄ ሆኗል። ለምን መሰለሽ? የሳሙና ፋብሪካው ሰውዬ ልጅ ወዳዋለች።»

«ግራሲዬላ?»

«አዎ፣ እሷ። ሳሙናው ነው ለድራማው ገንዘብ የሚከፍለው፣ እኛን ሁላችንን የሚያበላን እሱ ነው። ሰውዬው ለእናትየው ‹ልጆቹን እናገናኛቸው› አሉ። አንድ ክፉ ሰው ደግሞ ስላንቺ ለእናትየው ሹክ ብሏቸዋል። ምን ቢሉ ጥሩ ነው? ‹ጨለማ ውስጥ ተቀምጣ ለወንድ ጆሮ እያንሾካሾከች ደሞዝ የምትቀበል ሴት የቤቴን ደጃፍ አትረግጥም!›»

ሶኮሮ መስታወቱ ውስጥ የራሷን ፊት አየች። የትራም ነጂ ልጅ ፊት። ነውር አልነበረበትም።

«እሱስ ምን አለ?»

ዶኛ ቾሌ የዱቄት መቀቢያዋን ጠረጴዛው ላይ ደጋግማ መታችው።

«ዝም አለ።»

«ዝም?»

«ዝም። እራት ላይ ሳህኑን እያየ ዝም። እነሱም እሺ ብሏል ብለው ተነስተው ተሳሳሙ። ሳምንት ሆነው እኮ ልጄ። ምንም አልነገረሽም?»

ሶኮሮ ያለፈውን ሐሙስ አስታወሰች። ባርኔጣው ከወትሮው ይበልጥ ሲሽከረከር ነበር። ሦስቴ «ሶኮሮ» ብሎ ሦስቴ «ምንም» ብሏት ነበር። እሷ ሞኟ ደግሞ ያቺን ቃል ሊያገኛት ነው፣ ጫፏን ይዟታል ብላ ደስ ብሏት ወደ ቤቷ ሄዳለች።

አዘጋጁ ኤቫሪስቶ በሩን በእግሩ ከፍቶ ገባ። ኤቫሪስቶ በሁለት ቦታ ብቻ የማይጮህ ሰው ነበር፦ ቤተ ክርስቲያንና ሚስቱ ፊት።

«አንቺ እዚህ ነሽ? አንድ ገጽ ጨምረናል። ኪንታና ገዳዩን አስይዞ ሲጨርስ ባርኔጣውን ያወልቅና እንደ ራሱ፣ እንደ ሊሳንድሮ፣ መታጨቱን ለሕዝብ ይናገራል። ሙሽሪት አበባ ይዛ ትገባለች። ቃል በቃል እንዲሆን። የሳሙናው ሰዎች ፊት ለፊት ነው የሚቀመጡት።»

«እሱ ይህን ገጽ አይቶታል?»

«እሱ መቼ ነው ገጽ አይቶ የሚያውቀው?» አለ ኤቫሪስቶ ከልቡ ተገርሞ። «ሲደርስ አንቺ ትነግሪው የለ?»

ወጣ። ገጹ እጇ ላይ ቀረ። ዶኛ ቾሌ የሶኮሮን ፀጉር ማበጠር ጀመረች። ማንም በማያየው ክፍል ውስጥ ለምትቀመጥ ሴት ፀጉር ምን ያደርግላታል? ሁለቱም ይህን ያውቁ ነበር። ግን ሌላ የሚበጠር ነገር አልነበረም።

* * *

ስርጭቱ ሊጀመር ሲል የመስታወቱ ክፍል በር በቀስታ ተንኳኳ። ነጭ ቀሚስ የለበሰች ቀጭን ልጅ አንገቷን አስገባች። ከአባቷ ሳሙና ውጭ ምንም ዓይነት ሽታ አልነበራትም።

«ሶኮሮ አንቺ ነሽ?»

«አቤት፣ ሴኞሪታ።»

«ድምፅሽ ይሄ ነው ማለት ነው።» ግራሲዬላ ጨለማው ውስጥ ዓይኗን አጥብባ አየቻት። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ አትስቂብኝ። እሱ… ያወራል?»

«ይቅርታ፣ አልገባኝም።»

«ካንቺ ጋር ማለቴ ነው። ሥራ ሲያልቅ። እኛ ቤት እራት ሲመጣ ሾርባውን ይጠጣል፣ ለአባቴ ራሱን ይነቀንቃል፣ ይሄዳል። እኔ የወደድኩት ሐሙስ ሐሙስ የማየውን ሰው ነበር። ያ ሰው ሲናገር ቀስ ይላል፤ ከእያንዳንዱ ቃል በፊት ትንሽ ትንፋሽ አለች፤ አስቦበት፣ ተጨንቆበት የሚናገር ይመስላል። ሌላ ሰው እንደዚያ ሲያወራ ሰምቼ አላውቅም።»

ያቺ ትንፋሽ የሶኮሮ ነበረች። ሶኮሮ ቃሉን እስክትጨርስ ድረስ የሚጠብቅባት ክፍተት። ይህቺ ልጅ የወደደችው የሰው ለሰው መጠበቅን ነበር፤ እሷ ግን ሐሳብ መስሏታል።

ልትጠላት ፈልጋ ነበር። ከመኳኳያው ክፍል ጀምሮ ጥላቻውን እንደ ጥሬ ገንዘብ አጥብቃ ይዛ መጥታ ነበር። ከእጇ አመለጣት።

«ይናገራል፣ ሴኞሪታ» አለች። «ጊዜ ይፈልጋል እንጂ።»

«ያቺን የመጨረሻዋን ገጽ ቀስ ብለሽ ንገሪልኝ እሺ? እንዳይደናቀፍ። እናቱ ሲያዩት ይፈራል።» ግራሲዬላ በሩን ልትዘጋ ብላ ተመለሰች። «እኔም እፈራለሁ» አለች በለሆሳስ፣ ሄደችም።

ሶኮሮ ማንን መውቀስ እንዳለባት ፈለገች። ሁሉም ሰው ንጹሕ ነበር። ከዚህ የከፋ ወንጀል የት አለ?

* * *

የዚያ ሳምንት ሟች ሀብታም የፒያኖ ነጋዴ ነበር፤ የራሱ ፒያኖ ላይ ተደፍቶ ሞቷል። ሊሳንድሮ ገባ። ከሩቅም ቢሆን መቅጠኑን አየች። የመርማሪ ካፖርቱ ትከሻው ላይ ሰፍቶታል።

«ወደ ሬሳው ሂድ ጎንበስ እጁን አንሳ» አለች ፈጠን አድርጋ። ሄደ። ጎንበስ አለ። አነሳ።

«እመቤቴ፣ እነዚህ ጣቶች ሲሞቱ ዘፈን ላይ ነበሩ» አለች ረጋ ብላ። አለ።

ባሏ የሞተባትን ሴት የምትጫወተው የመድረክ አንጋፋ ናት፤ መሃረቧን ይዛ ታለቅሳለች። ሊሳንድሮ ያንን የሞተ እጅ ይዞ፣ ቀጣዩን ቃል እየጠበቀ፣ ፊቱን ወደ መስታወቱ አዞረ። ለምን ወደዚያ እንዳየ ድርሰቱ አያውቅም። ዓይኖቹ ባዶ ነበሩ፣ የሚሰጣቸውን የሚጠብቁ፣ የሚሰጣቸውን ሁሉ የሚቀበሉ። እናቱ ፊት ሲቀመጥም ዓይኑ ይህን ይመስል እንደነበር ገባት።

ልቧ ሞልቶ ፈሰሰ። ከከንፈሯ ሲወጣ እንኳ አላወቀችም።

«ሊሳንድሮ፣ አታድርገው።»

ፈጠን ብትል ኖሮ አንዳች ነገር ማድረግ ይተው ነበር። ሐዘን ግን አይፈጥንም። ረጋ ብላ ነበር ያለችው።

መርማሪ ኪንታና የሬሳውን እጅ እንደያዘ፣ ቅንድቡን ከፍ አድርጎ፣ በዚያ ወርቅ ድምፁ ለመላው አገር፦

«ሊሳንድሮ፣ አታድርገው» አለ።

ስቱዲዮው ደረቀ። ሬሳው ዓይኑን ገለጠ። አንጋፋዋ ተዋናይት ግን አርባ ዓመት መድረክ ላይ ያረጀችው ለዚህ ለዚህ ነበርና መሃረቧን ጣል አድርጋ ተነሳች።

«ሊሳንድሮ? ሊሳንድሮ ማነው? ባሌ ሲሞት የጠራው ስም ነው?»

ሶኮሮ «እሱን ነው የምንደርስበት፣ እመቤቴ» አለች። «እሱን ነው የምንደርስበት፣ እመቤቴ» አለ። ድራማው ተነፈሰ። በየግቢው ግን ሊሳንድሮ የሚባለው ማነው የሚል ክርክር ተነሳ፤ የአትክልተኛው ስም ነው፣ የለም የሐኪሙ ነው፣ ተባባለ።

ከዚያ የሳሙናው ማስታወቂያ ገባ። እዚያው ስቱዲዮ ውስጥ፣ ጥቂት ርምጃ ራቅ ብሎ፣ አንዲት ልጅ አረፋ በአረፋ ሆና ስለ ልስላሴ ትዘምራለች። ሊሳንድሮ ከካሜራው ዓይን ወጥቶ ወደ መስታወቱ መጣ። ተጠጋ። ግንባሩ መስታወቱን ሊነካ ደረሰ። የሚያየው የራሱን ፊት ነበር፤ እሷ ግን የእሱን እያየች ነበር፣ ትንፋሹ መስታወቱ ላይ ሲያርፍና ሲጠፋ።

«ምን ልበል?» አለ ከንፈሩ፣ ያለ ድምፅ።

እጇ ማይክሮፎኑ ላይ ነበር። ልትነግረው የምትፈልገው ነገር ብዙ ነበር። እናትህ ፊት ለምን ዝም አልክ? ለእኔስ ለምን ዝም አልክ? ሊድሩህ ነው፣ ዛሬ ነው፣ ለሌላ የምድርህም እኔ ነኝ! ግን በምን ትናገረው? ፈጠን ብላ ብትናገር ያደርገዋል። ረጋ ብላ ብትናገር ይለዋል። ለሁለቱ ብቻ የሚሆን ሦስተኛ ፍጥነት በመካከላቸው አልነበረም።

«የራስህን» አለችው።

«የራስህን» አለ ሊሳንድሮ መስታወቱን እያየ፣ ታዛዥ ሆኖ፣ ቃሏን አሳምሮ። ያለውን ሲሰማ ፊቱ ተሰበረ።

ሶኮሮ በሁለት እጇ አፏን ያዘች።

* * *

ቀሪው እንደ ሁልጊዜው ሄደ። ተጠርጣሪዎቹ ሳሎን ተሰበሰቡ። በሩን ዘጋ፣ ጀርባውን አስደገፈ። «ማንም ከዚህ ክፍል አይወጣም» አለ፤ ሶኮሮ ውሃዋን ጠጣች። ጆሮውን ነካ። ገዳዩ ሐኪሙ ሆነ። ሐኪሙ ጮኸ፣ ተያዘ። ሙዚቃው ከፍ አለ፤ እንደ ወትሮው ሊያልቅ ሲል ግን አላለቀም። ካሜራው ወደ ሊሳንድሮ ቀረበ።

«ባርኔጣ አውልቅ ፈገግ በል» አለች ሶኮሮ። አወለቀ። ፈገግ አለ።

ግራሲዬላ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ አበባ ይዛ ከጎን ገባች። ከፊተኛው ወንበር እናቱ ጓንት የለበሱ እጆቻቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። ሊሳንድሮ ልጅቷን አየ፣ እናቱን አየ፣ ገባው። ፈገግታው ፊቱ ላይ ቀረ፤ እንዲያወርደው ማንም አልነገረውምና።

ገጹ ከፊቷ ነበር። «ክቡራትና ክቡራን፣ ዛሬ የምገልጠው ምስጢር የራሴ ልብ ነው…» ይላል። የመጀመሪያው ቃል ምላሷ ላይ መጣ።

እምቢ ማለት ትችል ነበር። ከዚያም በላይ ትችል ነበር! «ይህቺን ልጅ አላገባም» ብትል ይል ነበር። «ሶኮሮ ቪልቼስን እወዳታለሁ» ብትል፣ በዚያ ወርቅ ድምፅ፣ ከእያንዳንዱ ቃል በፊት ትንሽ ትንፋሽ አድርጎ፣ በመላው አገር ፊት ይላት ነበር። በዚያች ቅጽበት በሜክሲኮ ከእሷ የበለጠ ሥልጣን ያለው ሰው አልነበረም። ሥልጣኗ ደግሞ ምንም አያደርግላትም ነበር፤ መልሳ የምትሰማው የራሷን ድምፅ ነውና።

ማይክሮፎኑን ከአፏ አራቀች።

ጆሮው ውስጥ ዝምታ ገባ። ሊሳንድሮ ጠበቀ። ሙዚቀኞቹ ጠበቁ። አገሩ ቀጥ ብሎ ጠበቀ። ግንባሩ ላይ ላብ ወጣ፣ የዶኛ ቾሌን ዱቄት ሰንጥቆ ወረደ።

«ስጪው!» የኤቫሪስቶ ድምፅ ከግድግዳው ማዶ መጣ። «አንቺ ልጅ፣ ሞትሽ? ስጪው!»

አልሰጠችውም። ዓይኖቿን ከእሱ ሳትነቅል በልቧ ትለምነው ጀመር። በል እንጂ። አንዲት። የተሰባበረችም ትሁን። እምቢም በል፣ እሺም በል፣ አንተ በላት ብቻ።

ሊሳንድሮ አፉን ከፈተ። ዘጋ። ዓይኑ እዚያ ዝናብ ላይ እንደነበረው የጠፋ ነገር ፈለገ፣ በስቱዲዮው መብራት ውስጥ፣ በእናቱ ጓንት ላይ፣ በአበባው ውስጥ። አላገኘም። ከዚያ ፊቱን ከካሜራው አዙሮ ወደ መስታወቱ አደረገና፣ የኪንታና ባልሆነ፣ በተሰነጠቀ፣ በማታውቀው ድምፅ፦

«ማንም…» አለ። ምራቁን ዋጠ። «ማንም ከዚህ ክፍል አይወጣም።»

ታዳሚው ቀልድ መስሎት ሳቀ። አጨበጨበ። ግራሲዬላም ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቶሎ ደከመ፣ እሱ ወዳየበት ወደ መስታወቱ አየችና አበባዋን ዝቅ አደረገች።

ሶኮሮ አልሳቀችም። ከቃሎቹ ሁሉ እሷ ያልሰጠችው ይህችን ብቻ ነበር። ቤቱን በሙሉ በርብሮ የራሱ የሆነች አንዲት ያገኘ ሰው ያቺኑ ያመጣላታል። አትሂጂብኝ ማለት እንዲህም ይባላል።

የክፍሉ በር ተበረገደ። ኤቫሪስቶ ማይክሮፎኑን ከእጇ ነጠቀ፣ ገጹን ነጠቀ፣ ትከሻዋን ገፍቶ ራሱ ተናገረ፤ በስቱዲዮው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይጮህ፣ ረጋ ብሎ፦ «ክቡራትና ክቡራን፣ ዛሬ የምገልጠው ምስጢር የራሴ ልብ ነው።»

አየችው። ሊሳንድሮ ማዳመጫውን ጎትቶ ሊያወጣው እጁን ወደ ቀኝ ጆሮው ሲያነሳ አየችው። ጣቱ ደረሰ። ነካው። እዚያው ቀረ፣ የታመመ ጥርሱን እንደያዘ ሰው። አፉ ግን የለመደውን ያደርግ ነበር።

«ክቡራትና ክቡራን» አለ ሊሳንድሮ፣ «ዛሬ የምገልጠው ምስጢር የራሴ ልብ ነው።»

በየመጠጥ ቤቱ፣ በየጋራ ግቢው፣ መርማሪው ጆሮውን መንካቱን ያዩ ልጆች ጆሯቸውን ነክተው «አገኘው! አገኘው!» ብለው ጮኹ። በግቢያቸው የሶኮሮም ታናናሽ ወንድሞችና እህቶች ከእነሱ ጋር ጮኸው ይሆናል።

* * *

ሲያልቅ ኤቫሪስቶ የማይክሮፎኑን ሽቦ ከግድግዳው ነቅሎ፣ እጁ ላይ ጠቅልሎ ይዞት ሄደ። ከማዶ ሰዉ ይሳሳማል፣ ወይን ይከፈታል፣ እናትየው ያለቅሳሉ። ሁሉም ተያይዘው ወደ ደጅ፣ ወደ እራቱ መውጣት ጀመሩ። ማንም አይወጣም የተባለውን ያከበረችው ሶኮሮ ብቻ ነበረች። ልነሳ ብላ ነበር፤ እግሯ ግን የታዘዘው ለእሱ ነበር።

የስቱዲዮው ታላላቅ መብራቶች አንድ በአንድ ጠፉ። በእሷ ክፍል ውስጥ የቀረችው ትንሿ የጠረጴዛ መብራት ናት። መስታወቱም ተገለበጠ፤ አሁን ከውጭ ሆኖ የሚታየው የእሷ ክፍል ነው።

ሊሳንድሮ በር ላይ ደርሶ ነበር፤ ክንዱ በግራሲዬላ ክንድ ውስጥ። ዞር አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከዚያ መስታወት በስተጀርባ ያለችውን አያት፤ ወንበሯን፣ የውሃ ብርጭቆዋን፣ ዶኛ ቾሌ ያበጠረችላትን ፀጉር። ቆመ። ግራሲዬላ ወደ ሁለቱም አየች፤ ክንዷን ከክንዱ ቀስ ብላ አወጣችና ራቅ ብላ ቆመች።

አፉን ከፈተ። ዓይኖቹ ለመኗት። ማዳመጫዋ አሁንም ቀኝ ጆሮው ውስጥ ነበረች።

አሁን ብትሰጠው በወደደች። ኩራቷ አልቋል፤ የማን ቃል እንደሆነ ግድ አልነበራትም። ከንፈሯ መንቀሳቀስ ጀመረ፣ ረጋ ብሎ፣ ከእያንዳንዱ ቃል በፊት ትንሽ ትንፋሽ እያደረገ፤ ያቺን የዝናቡን ቃል፣ ያልሰጠችውን፣ ሙሉዋን።

እሱም አንገቱን ወደ ቀኝ ዘንበል አድርጎ ይሰማ ነበር። ምንም አልመጣለትም። ቆሞ ጠበቃት።